የዘገየው ማን ነው? የጅማ ዋንጫና ከ17 ዓመት በኋላ የሚጀመር እግር ኳስ

ጅማ አባ ጅፋር በ2010 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ ሻምፒዮን ሲሆን በሊጉ ሲጫወት ገና የመጀመሪያ ዓመቱ ነበር። ከቅዱስ ጊዮርጊስ ጋር በነጥብ ተስተካክሎ በግብ ልዩነት በለጠ፤ ጊዮርጊስ ለአራት ተከታታይ ዓመታት ሳያስነካ የያዘውን ክብር ነጠቀ። በአፍሪካ ሻምፒዮንስ ሊግም ጅቡቲ ቴሌኮምን አልፎ ከግብፁ አል አህሊ ጋር ተገናኘ። በድምር ውጤት 2 ለ 1 ተሸንፎ ቢሰናበትም በመልሱ ጨዋታ የአፍሪካን ግዙፍ ክለብ 1 ለ 0 ረትቷል። ቀሪው ታሪክ አጭር ነው፤ በ2014 ዓ.ም. ክለቡ ወደ ከፍተኛ ሊግ ወረደ።

ክለቡ ቢወርድም የቀሰቀሰው ምኞት አብሮት አልወረደም። በጅማ መርካቶ ጫኝና አውራጅ ሆኖ የሚውለው፣ ከአጂፕ ፈረንጅ አራዳ ባጃጅ የሚያመላልሰው፣ በአጋሮና በሊሙ ገነት 12ኛ ክፍል ጨርሶ ውጤት የሚጠብቀው ወጣት ዛሬም አንድ ጥያቄ ይጠይቃል፦ አሁን ብጀምር እደርሳለሁ? ብዙውን ጊዜ የሚያገኘው መልስ ከሁለት አንዱ ነው። አንዱ «በልጅነት ያልተጀመረ ኳስ የትም አያደርስም» ብሎ ያሰናብተዋል። ሌላው «ከልብ የፈለገ ምን ይሳነዋል» ብሎ ያበረታታዋል። ሁለቱም ልጁን ሳያዩ የሚሰጡ መልሶች ናቸው። የጅማ ክለብ የስምንትና የአሥር ዓመት ታሪክ ግን ከሁለቱም የተሻለ መልስ ይዟል፤ ከልጁ በፊት የዘገየ ሌላ አካል እንዳለም ያሳያል።

ሦስት ዓይነት መዘግየት

«ዘግይቶ የጀመረ» የምንለው ተጫዋች አንድ ዓይነት ሰው አይደለም። የመጀመሪያው ኳስ ራሷን ዘግይቶ ያገኛት ነው፤ እስከ 15 እና 16 ዓመቱ በእግሩ ኳስ ተቆጣጥሮ፣ አታሎ፣ አቀብሎ አያውቅም። ሁለተኛው ከሕፃንነቱ ጀምሮ በሰፈር ሜዳ ሲጫወት ያደገ፣ ነገር ግን አሰልጣኝ፣ የተደራጀ ልምምድና መደበኛ ውድድር ዘግይቶ ያገኘ ነው። ሦስተኛው ልምምዱም ውድድሩም ነበረው፤ ያየው ሰው ግን አልነበረም፤ ወይም አይተው ትተውታል።

በአገራችን የቡና ከተሞች የመጀመሪያው ዓይነት ጥቂት ነው። በጨርቅ ኳስ ያልተጫወተ፣ ሁለት ድንጋይ ጎል አድርጎ በጭቃ ያልተንከባለለ ወንድ ልጅ ብዙ አይገኝም። የጅማ ወጣት በአብዛኛው ሁለተኛው ነው፤ አሥር ዓመት ተጫውቷል፣ አንድ ዓመት እንኳ አልሠለጠነም። ስለዚህ «እደርሳለሁ ወይ» የሚለው ጥያቄ «ከሦስቱ የትኛው ነኝ» በሚለው መቀደም አለበት።

ልዩነቱ ቀላል አይደለም። የጀርመን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2016 ባሳተሙት ጥናት 52 የቡንደስሊጋ ተጫዋቾችን መርምረው ነበር። ለብሔራዊ ቡድን የበቁትን ከአማተር ተጫዋቾች ከለዩአቸው ነገሮች አንዱ በልጅነታቸው ያለ አሰልጣኝ በነፃ የተጫወቱት ኳስ ብዛት ነው፤ በአፍላነታቸውም ሌሎች ስፖርቶችን ይሞክሩ ነበር፣ በእግር ኳስ ብቻ የተወሰኑትም ዘግየት ብለው ነው። ይህ ለሰፈር ሜዳ ትልቅ ምስክርነት ነው። ጥናቱ ግን ሌላ ነገርም ይናገራል፤ እነዚያው ተጫዋቾች የመጀመሪያ የቡንደስሊጋ ጨዋታቸውን እስኪያደርጉ ድረስ በሺዎች የሚቆጠር ሰዓት የተደራጀ ልምምድ ነበራቸው። የሰፈር ኳስ መሠረት ይሆናል፤ ግድግዳውን የሚያቆመው ግን አሰልጣኝ ነው። የጅማ ልጅ መሠረቱ አለው።

ከአበበ ቢቂላ የወረስነው እምነት

ኢትዮጵያውያን ዘግይቶ በመጀመር የምናምነው ያለ ምክንያት አይደለም። የስፖርት ታሪካችን ቁንጮ የሆኑት ሰዎች ዘግይተው የጀመሩ ናቸው። አበበ ቢቂላ የክብር ዘበኛ ወታደር ሆኖ በስዊድናዊው አሰልጣኝ ኦኒ ኒስካነን እጅ ከገባ በኋላ፣ በ28 ዓመቱ ሮም ላይ በባዶ እግሩ አሸነፈ። ማሞ ወልዴ በሜክሲኮ የማራቶን ወርቅ ሲያጠልቅ 36 ዓመቱ ነበር። ከዚህ ታሪክ ያደገ ሕዝብ «ወኔ ካለ ዕድሜ ምን ያደርጋል» ቢል አይፈረድበትም።

ሩጫና ኳስ ግን ከሰውነት የሚጠይቁት አንድ አይደለም። በደጋ ተወልዶ፣ ውሃ ሲቀዳና ትምህርት ቤት ሲመላለስ በእግሩ ያደገ ልጅ፣ ሯጭ ለመሆን የሚያስፈልገውን ልብና ሳንባ ሳያውቀው ሲገነባ ይኖራል። አሰልጣኝ በ20 ዓመቱ ቢያገኘው ያለውን ያጎለብትለታል። ኳስ ግን እንደ አፍ መፍቻ ቋንቋ ናት፤ በ18 ዓመት ጀምሮ መግባባት ይቻላል፣ በሕልም መናገር ግን ያስቸግራል። ኳስ እግሩ ሥር ከመድረሷ በፊት ትከሻውን አዙሮ ዙሪያውን የሚቃኝ አማካይ፣ የመጀመሪያ ንክኪውን ከተጋጣሚው ወደሚያርቀው አቅጣጫ የሚያደርግ አጥቂ፣ እነዚህን ነገሮች አስቦ አያደርጋቸውም። ለማሰብ ጊዜ የለውምና። ጉልበትና ትንፋሽ ከ18 ዓመት በኋላም ይገነባሉ፤ ይህ ዓይነቱ ልማድ ግን በአብዛኛው የሚተከለው ከ6 እስከ 14 ባለው ዕድሜ ነው።

ስለዚህ በሩጫ የተረጋገጠው ተስፋ ወደ ኳስ ሜዳ እንዳለ አይሻገርም። ብዙ ወጣት የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። ክፍተቱን በሩጫና በስፖርት ሊሞላው ይሞክራል፤ ንጋት ላይ ዳገት ይወጣል፣ ክብደት ያነሳል፣ ሰውነቱ ያምራል። ሙከራ ሲሄድ ግን አሰልጣኙ የሚያየው የመጀመሪያ ንክኪውን ነው።

የታዋቂዎቹ ሰዎች ሙሉ ታሪክ

ተስፋን ለማጠንከር የሚጠሩ የውጭ ስሞች አሉ፤ ጄሚ ቫርዲ፣ ኢያን ራይት፣ ዲዲየ ድሮግባ፣ ንጎሎ ካንቴ፣ ሚሮስላቭ ክሎዘ። ሁሉም እውነተኛ ታሪኮች ናቸው። ቫርዲ ወደ ሌስተር የተዛወረው በ25 ዓመቱ ነበር፤ በ2016 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝ ሻምፒዮን ሆነ። ራይት ከክሪስታል ፓላስ ጋር የፈረመው 22 ዓመት ሊሞላው ሲል ነው። ድሮግባ የመጀመሪያ የፕሮፌሽናል ውሉን ከለ ማን ጋር የተፈራረመው በ21 ዓመቱ ነበር። በዓለም ዋንጫ 16 ግቦች ያስቆጠረው ክሎዘ የአናጢነት ሙያ የተማረ ነበር።

ጠጋ ብለን ስናይ ግን አንዳቸውም ኳስን ዘግይተው አልጀመሩም። ቫርዲ እስከ 16 ዓመቱ በሼፊልድ ዌንስደይ ታዳጊ ቡድን ውስጥ ነበር፤ አሰናበቱት እንጂ ሳይሠለጥን አልቀረም። ካንቴ በፓሪስ ዳርቻ በምትገኘው ሱሬን ከተማ በታዳጊነቱ በአንድ አነስተኛ ክለብ አሥር ዓመት ያህል ተጫውቷል። ድሮግባ ገና በ5 ዓመቱ ወደ ፈረንሳይ የተላከው ፕሮፌሽናል ተጫዋች ከነበረ አጎቱ ጋር እንዲኖር ነው። እነዚህ ሰዎች ሦስተኛው ዓይነት ናቸው፤ የዘገየው የሚያያቸው ዓይን ነበር። ሲዘገዩ የጠበቃቸው ደግሞ ከበታቻቸው የተዘረጋው የዝቅተኛ ሊጎች መረብ ነው። ቫርዲ በፋብሪካ እየሠራ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚጫወትበት፣ ዳኛና ሪፖርት ያለው፣ መልማይ የሚመጣበት ሰባተኛና ስምንተኛ እርከን ውድድር ነበረው።

የጅማ ልጅ ከቫርዲ የሚለየው በተሰጥዖ ነው ብሎ መደምደም አይቻልም። የሚለየው ከሥሩ የተዘረጋ መረብ ባለመኖሩ ነው። እሱ ከመደበኛ ውድድር ውጭ የሚያሳልፈው እያንዳንዱ ዓመት ሳይመዘገብና ሳይታይ ያልፋል።

በዚህ ረገድ አገራችን ራሷ ዘግይታ ጀማሪ ናት። ሳላዲን ሰዒድ ወደ ግብፁ ዋዲ ደግላ፣ ጌታነህ ከበደ ወደ ደቡብ አፍሪካው ቢድቬስት ዊትስ፣ ጋቶች ፓኖም ወደ ሩሲያው አንዢ፣ አቡበከር ናስር ወደ ማሜሎዲ ሰንዳውንስ ሲሄዱ በተመዘገበው ልደታቸው ሁሉም 21 ወይም 22 ዓመታቸው ነበር። አቡበከር በ2013 ዓ.ም. በ29 ግቦች የሊጉን ክብረ ወሰን የሰበረ፣ በትውልዱ ከታዩት ሁሉ ጎልቶ የወጣ ተጫዋች ነው። በእንግሊዝ አካዳሚዎች ልጆችን የሚመዘግቡት ከ9 ዓመት በታች ካለው ቡድን ጀምሮ መሆኑን ስናስብ፣ የእኛ ምርጡ ተጫዋች እንኳ የዓለም ገበያ ደጃፍ ላይ ሲደርስ የዚያ አገር እኩዮቹ ከአሥር ዓመት በላይ በሥርዓት ሠልጥነው ይጠብቁታል። ምርጡ እንዲህ ከሆነ፣ በአጋሮ ሜዳ የቀረው የት ላይ እንደሚገኝ መገመት አያዳግትም።

ክለቡ የገዛው ነገር

ታዲያ ጅማ አባ ጅፋር በመጀመሪያ ዓመቱ እንዴት ዋንጫ በላ? ክለቡ ራሱ ዘግይቶ የጀመረ ነው። ከእሱ በፊት በ2009 ዓ.ም. የከተማዋ ሌላ ክለብ ጅማ አባ ቡና በፕሪሚየር ሊጉ ተጫውቶ በዓመቱ ወርዷል። የቀድሞው ጅማ ከተማ የጅሬኑን ንጉሥ የአባ ጅፋርን ስም ይዞ ሲያድግ ከአባ ቡና የተለየ መንገድ ያዘ፤ ልምድ ያላቸውን ሰዎች ሰበሰበ። የዓመቱ ኮከብ ግብ አግቢ ናይጄሪያዊው ኦኪኪ አፎላቢ ነበር፤ ግቡን ጋናዊው ዳንኤል አጄይ ጠበቀ፤ ቡድኑን የመራው ነባሩ አሰልጣኝ ገብረመድህን ኃይሌ ነበር። በማግስቱ ዓመት ገብረመድህን ወደ መቐለ 70 እንደርታ ሄደ፤ ዋንጫውም ተከትሎት ሄደ።

ይህ ነቀፋ አይደለም፤ ሁሉም ክለብ የሚያደርገው ነው። ነገር ግን በክለብና በሰው መካከል ያለውን ልዩነት ፍንትው አድርጎ ያሳያል። ዘግይቶ የጀመረ ክለብ ያለፈ ጊዜን በገንዘብ መግዛት ይችላል። በሌጎስ ወይም በአክራ ሜዳ ከልጅነት ጀምሮ የተጠራቀመን ችሎታ በአንድ የዝውውር መስኮት ጅማ ላይ ያወርደዋል። የ18 ዓመት ወጣት ግን የራሱን 12 ዓመት የትም ሄዶ አይገዛም። ይህንን ሊያደርግለት የሚችለው በ12 ዓመቱ አጠገቡ የነበረ ተቋም ብቻ ነው፤ ያ ተቋም ደግሞ አልነበረም።

የተገዛ ጊዜ ኪራይ ስለሆነ በየዓመቱ ይከፈላል። ክለቦቻችን በአብዛኛው በከተማ አስተዳደርና በመንግሥት ድርጅት በጀት የሚተዳደሩ፣ ውላቸው ለአንድና ለሁለት ዓመት የሚፈረም፣ አሰልጣኝ በየወቅቱ የሚቀየርባቸው ናቸው። የፉክክሩ ዋጋ ምን ያህል እንደናረ ለማወቅ በ2011 ዓ.ም. ክረምት ክለቦችና ፌዴሬሽኑ የተጫዋች የወር ደመወዝ ከ50,000 ብር እንዳይበልጥ ጣሪያ እስከማውጣት መድረሳቸው በቂ ነው። የደመወዝ መዘግየትና ልምምድ ማቆም በጅማም በሌሎች ከተሞችም ተደጋግሞ የተሰማ ዜና ነበር። ሥራው በውጤት የሚለካና በማናቸውም ሰዓት ሊሰናበት የሚችል አሰልጣኝ፣ ከስድስት ዓመት በኋላ የሚያፈራ የ13 ዓመት ልጅ ላይ ጊዜውን ቢያጠፋ ተጠቃሚው ተተኪው ነው። ክለቡም በተስፋ ቡድኑ ላይ የሚያወጣው ብር ለዚህ ዓመት ነጥብ አያመጣም። ማንም ክፉ ሳይሆን ሁሉም የተዘጋጀ ተጫዋች ይገዛል፤ የከተማው ልጅ ደግሞ በሩቅ ሆኖ ያጨበጭባል።

የቡና ወቅትና ያልተጻፈ ልደት

በቡና አገር ያለ ልጅ ሌሎች ሁለት እንቅፋቶች አሉበት፤ አዲስ አበባ ተቀምጦ የውድድር መርሐ ግብር የሚያወጣ ሰው ብዙም አያስባቸውም።

አንደኛው የቡና ለቀማ ነው። በጎማ፣ በማና፣ በሰቃ ጮቆርሳ፣ በጌራ ቀይ ቡና የሚለቀመው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥና ጥር ነው። ይህ ወቅት ቤተሰብ ለዓመት የሚሆነውን ገንዘብ የሚያይበት ነው፤ ልጆችም ይለቅማሉ፣ የራሳቸውንም ብር የሚያገኙት ያኔ ነው። የአገሪቱ የውድድር ዘመንም የሚከፈተው በዚያው ወራት ነው። ክረምት ሲሆን ልጆቹ ነፃ ናቸው፤ ሜዳው ግን ረግረግ ይሆናል። የጅማ ዝናብ ከመጋቢት ጀምሮ እስከ መስከረም ድረስ ብዙ ፋታ አይሰጥም። ስለዚህ በዓመት ውስጥ ልጅም ሜዳም በአንድ ጊዜ የሚገኙበት ጊዜ ጠባብ ነው። ይህን የሚያውቅ የታዳጊ ውድድር ቢዘጋጅ ከጥር አጋማሽ እስከ ዋናው ዝናብ ያለውን ጊዜ ነበር የሚይዘው።

ሁለተኛው ወረቀት ነው። በኢትዮጵያ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአዲስ መልክ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ነው። በዚያው ጊዜ የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ5 ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት ልደታቸው የተመዘገበው 3 ከመቶ ብቻ መሆኑን አሳይቷል። ዛሬ 17 እና 18 ዓመት የሆነው የገጠር ልጅ ከዚያ በፊት የተወለደ ነው። ዕድሜው እናቱ የምታስታውሰው ዓመትና ትምህርት ቤት የጻፈለት ቁጥር ነው። ይህ ክፍተት ለዘገየ ተጫዋች ፈተና ይዞ ይመጣል፤ «ሦስት ዓመት ቀንስና ከ17 ዓመት በታች ግባ» የሚል መካሪ አያጣም።

ምክሩ ሁለት ጊዜ ይጎዳል። ፊፋ ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከ17 ዓመት በታች በሆኑ የዓለም ውድድሮች የእጅ አንጓ አጥንትን በኤምአርአይ ያስመረምራል፤ የእድገት አጥንቱ የገጠመ ልጅ ይወድቃል። ጉዳቱ ግን ከዚህ ይልቅ በአገር ቤት ይብሳል። የ20 ዓመት ወጣት 16 ነኝ ብሎ ታዳጊ ቡድን ውስጥ ሲገባ፣ በጉልበት ስለሚበልጥ ይመረጣል፤ እውነተኛው የ15 ዓመት ልጅ ወንበር ላይ ይቀመጣል። በመጨረሻ ትልቁም አይደርስም፣ ትንሹም ጊዜው ያልፈዋል። አንዱ ዘግይቶ የመጣ፣ ሌላውን ያዘገያል።

የሚገባ ገንዘብ ለማን?

ታዳጊን መመዝገብ ለከተማ ክለብ ከንቱ ወጪ ነው የሚል ካለ የፊፋን የዝውውር ደንብ ይመልከት። አንድ ተጫዋች በውል ላይ እያለ ወደ ሌላ አገር ክለብ ሲዛወር፣ ከዝውውር ክፍያው 5 ከመቶ ከ12 እስከ 23 ዓመቱ ላሠለጠኑት ክለቦች ይከፋፈላል። ከ12 እስከ 15 ዓመት ላለው እያንዳንዱ ዓመት ከጠቅላላ ክፍያው ሩብ ከመቶ፣ ከ16 እስከ 23 ላለው ግማሽ ከመቶ ነው። እንበልና በአጋሮ የሚገኝ ክለብ አንድን ልጅ ከ12ኛ ልደቱ የውድድር ዘመን እስከ 18ኛው ድረስ አስመዝግቦ ያዘው። ልጁ ኋላ በ1 ሚሊዮን ዶላር ቢዛወር የአጋሮው ክለብ ድርሻ 25,000 ዶላር ይሆናል። በሌላ ዝውውርም እንደገና ይከፈለዋል።

ለዚህ የሚያስፈልገው ከሁሉ አስቀድሞ ምዝገባ ነው። ያልተመዘገበ ዓመት በደንቡ ዓይን ያልነበረ ዓመት ነው። በጭቃ ሜዳ ያሠለጠነ በጎ ፈቃደኛ፣ ኳስ የገዛ ነጋዴ፣ ታኬታ ያዋሰ ታላቅ ወንድም፣ ሁሉም ከስሌቱ ውጭ ናቸው። ልጁ በ19 ዓመቱ አዲስ አበባ ሄዶ ሲመዘገብ ታሪኩ ከዚያ ይጀምራል፤ የሚገኘው ጥቅምም ወደዚያ ይሄዳል። የቡና ከተሞች ጥሬ ልጅ ልከው የተፈለፈለ ተጫዋች በውድ የሚገዙት በዚህ ምክንያት ነው።

ለ18 ዓመቱ ወጣት

ይህ ሁሉ ለነገው ትውልድ ነው፤ ዛሬ 18 ዓመት የሆነው ልጅ ተቋም እስኪገነባ አይጠብቅም። ለእሱ የሚሰጠው መልስ በየትኛው መዘግየት ላይ እንዳለ ይወሰናል።

ኳስን ከ15 ዓመቱ በኋላ የጀመረ ከሆነ የፕሪሚየር ሊግ ተጫዋች የመሆን ዕድሉ እጅግ ጠባብ ነው፤ ይህን መንገር ጭካኔ አይደለም። በሰፈር ሜዳ አድጎ አሰልጣኝ ያላገኘ ከሆነ ግን መንገድ አለው፤ መንገዱ በዞንና በክልል ውድድር፣ በአንደኛ ሊግና በከፍተኛ ሊግ በኩል ያልፋል። እንዲህ ያለው ወጣት ቀጥታ ወደ ታላላቅ ክለቦች ሙከራ ከመሮጥ ይልቅ በየሳምንቱ የሚጫወትበትን ዝቅተኛ ቡድን መምረጥ ይሻለዋል። በትልቅ ክለብ ሙከራ 20 ደቂቃ ይሰጡታል፤ በዝቅተኛ ሊግ አንድ ዓመት ሙሉ ይጫወታል። የጎደለው ደግሞ የጨዋታ ሰዓት ነው።

ቦታ መምረጥም ይረዳል። በመሀል ሜዳ ጠባብ ቦታ ላይ መወሰን የሚጠይቀው የአማካይ ሚና ለዘገየ ሰው ከባዱ ነው። ለመሀል ተከላካይ፣ ለመስመር ተከላካይና በፍጥነቱ ለሚተማመን አጥቂ በሩ ሰፋ ይላል። ግብ ጠባቂነት ደግሞ የራሱ ሰዓት ያለው ሙያ ነው፤ በረኞች ዘግይተው ይበስላሉ፣ ቆይተውም ይጫወታሉ። የሊጋችን ክለቦች ለዓመታት በረኛ ከውጭ ሲያስመጡ መኖራቸው በዚህ ቦታ የአገር ውስጥ ሥልጠና ምን ያህል እንደሳሳ ይመሰክራል።

ለራሱም የጊዜ ገደብ ያስቀምጥ። ሁለት ሙሉ የውድድር ዘመን በመደበኛ ሊግ ተጫውቶ አንድ እርከን ከፍ ካላለ፣ ኳሱን ሳይተው ሌላ መተዳደሪያ መያዝ አለበት። ሥራውንና ትምህርቱን ጥሎ ወደ ሙከራ የሚሄድ ወጣት ሁለቱንም ሊያጣ ይችላል። ከሁሉ በላይ ደግሞ «ውጭ አገር ሙከራ አስይዤልሃለሁ፣ ለቪዛና ለትራንስፖርት ይህን ያህል ክፈል» ከሚል ሰው ይራቅ። የተጫዋች ወኪል የፊፋ ፈቃድ ሊኖረው ይገባል፤ ተጫዋቹን በእውነት የፈለገ ክለብም ለሙከራ ገንዘብ አይጠይቀውም። ከ18 ዓመት በታች ያለ ልጅን ወደ ውጭ ክለብ ማዛወር ደግሞ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር በፊፋ ደንብ የተከለከለ ነው። ደላላ የሚያድነው ጊዜዬ አለፈ ብሎ የተጨነቀን ሰው መሆኑን ማወቅ በራሱ ጥበቃ ነው።

ሰዓቱ ዘግይቶ የሚጀምርባቸው በሮች

ስለ ጅማና ስለ መዘግየት ሲነሳ መጠራት ያለበት አንድ ስም አለ፤ ሊዲያ ታፈሰ። በጅማ የተወለደችው ሊዲያ በስፖርት መጀመሪያ የምትታወቀው በቅርጫት ኳስ ነበር፤ በሙያዋም ፋርማሲስት ናት። ወደ እግር ኳስ የመጣችው በዳኝነት ነው። በዚያ በር ገብታ ዓለም አቀፍ ዳኛ ሆነች፤ በ2019 እ.ኤ.አ. በፈረንሳይ በተካሄደው የሴቶች ዓለም ዋንጫም ከዳኞቹ መካከል ነበረች። በዓለም ዋንጫ ሜዳ ላይ የምንኮራበት ሰው ከጅማ የወጣው በታኬታ ብቻ በሚከፈት በር አይደለም።

ይህን የሚያደርገው የዳኝነት ሕግ ራሱ ነው። ለፊፋ ዓለም አቀፍ ዋና ዳኝነት ዝቅተኛው ዕድሜ 25 ነው። ተጫዋች «አረጀህ» በሚባልበት ዕድሜ ዳኛ ገና ይገባል። በ2018ቱ የሩሲያ ዓለም ዋንጫ ከተመረጡት አንዱ ባምላክ ተሰማም ኢትዮጵያ በተጫዋች ባልደረሰችበት መድረክ በፉጨት ደርሷል። አሰልጣኝነትም እንዲሁ ነው፤ በ18 ዓመቱ ተጫዋች መሆን እንደማይችል የተረዳ ወጣት የመጀመሪያውን የአሰልጣኝነት ፈቃድ ይዞ በ22 ዓመቱ የሰፈሩን 12 ዓመት ልጆች ቢይዝ፣ ለጅማ እግር ኳስ ከአንድ ተቀያሪ ተጫዋች በላይ ይጠቅማል።

ሴቶችን በተመለከተ ነገሩ ሁሉ ሌላ መልክ አለው። የታዳጊ ቡድን፣ ሜዳና የቤተሰብ ፈቃድ ለሴት ልጅ ከወንዱ እጅግ ዘግይተው ስለሚገኙ፣ በሴቶች እግር ኳስ መዘግየት የሁሉም ዕጣ ነው፤ ስለዚህም በሩ ሰፊ ነው። የዱራሜዋ ሎዛ አበራ በአነስተኛ ከተማ ጀምራ በማልታ ቢርኪርካራ ተጫወተች፤ በ2024 እ.ኤ.አ. ደግሞ የአሜሪካውን ዲሲ ፓወር ተቀላቀለች። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የሴቶች ቡድንም በዚያው ዓመት የሴካፋን ማጣሪያ አሸንፎ በአፍሪካ ሴቶች ሻምፒዮንስ ሊግ ተሳትፏል። በአጋሮ ያለች የ16 ዓመት ልጅ በዚያው ከተማ ካለው የ16 ዓመት ወንድሟ ይልቅ ለከፍተኛው መድረክ የቀረበች ልትሆን ትችላለች። ይህን የሚነግራት ሰው ግን ብዙ አይደለም።

ቀጣዩ ዋንጫ የሚለካበት

የ2010 ዓ.ም. ዋንጫ ጅማ ገንዘብና ደጋፊ እንዳላት አረጋግጧል። በ2013 ዓ.ም. የሊጉ ጨዋታዎች በጅማ ዩኒቨርሲቲ ስታዲየም ተካሂደው በዲኤስቲቪ ሲተላለፉ ደግሞ ሜዳም እንዳላት አገር አይቷል። የጎደለው ከእነዚህ ሁሉ በፊት መምጣት የነበረበት ነው፤ በየወረዳው የተመዘገቡ የ12 ዓመት ልጆች፣ የለቀማውን ወቅት ያከበረ የውድድር መርሐ ግብር፣ እና ዕድሜን በልደት ምዝገባ የሚያጸና አሠራር። ይህ የአንድ ኮከብ ተጫዋች የዓመት ደመወዝ የማይፈጅ ሥራ ነው፤ የሚፈጀው ትዕግሥት ነው።

ክለቡ ተመልሶ ወደ ፕሪሚየር ሊግ ባደገ ቀን ደጋፊው ሊጠይቀው የሚገባ ጥያቄ ስንት ግብ አገባን የሚል ብቻ መሆን የለበትም። ሜዳ ከገቡት 11 ተጫዋቾች ውስጥ በ12 ዓመታቸው በጅማ ዞን የተመዘገቡት ስንት ናቸው? መልሱ ዜሮ ከሆነ ክለቡ ዛሬም የሌላ አገር ልጅነት ተከራይቶ ነው የሚጫወተው፤ የመርካቶው ወጣትም ዘገየህ ሊባል አይገባም። የዘገየው በ12 ዓመቱ ሊደርስለት ይገባ የነበረው ክለብ ነው።